የሶፍትዌር ጥቅል ሥራን በበጎ ፈቃድ ስለ መጀመር

አንድ ፕሮግራም ስለ ተጻፈ ብቻ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ አይሠራም። በጸሐፊውና በተጠቃሚው መካከል ብዙ ሰው የማያየው ሥራ አለ፤ ይኸውም ፕሮግራሙን አሰናድቶ መጠቅለልና ጥቅሉን መጠበቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ ጀማሪ ይህን ሥራ እንዴት እንደሚይዝ ዴቢያንን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

ዴቢያንን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ኢያን መርዶክ የተባለ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲሆን፣ ዛሬም የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 12ኛ እትም ከ64,000 በላይ ጥቅሎች ነበሩት። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፎንትም ከጥቅሎቹ አንዱ ነው።

ለመሆኑ ጥቅል ምንድን ነው? ፕሮግራሙን ከነመግለጫው የያዘ አንድ ፋይል ነው። መግለጫው የፕሮግራሙን ስም፣ የእትሙን ቁጥር፣ የጠባቂውን ስምና ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች ይዘረዝራል። ኮምፒዩተሩም ይህን አንብቦ የጎደለውን ያሟላል።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ አዲስ ጥቅል ማስገባት ያምረዋል። እኛ ግን ያለውን በመጠበቅ እንዲጀምር እንመክራለን። ጠባቂያቸው የተዋቸው ጥቅሎች «ወላጅ አልባ» ተብለው በዴቢያን ዝርዝር ላይ ይመዘገባሉ፤ የሚረከባቸውም ሰው ይፈለጋል።

ጠባቂ ማነስ የሚያስከትለው አደጋ እ.ኤ.አ. በ2024 ታይቷል። ፋይሎችን ጨምቆ የሚያሳንሰውን ኤክስ ዜድ የተባለ ፕሮግራም ለዓመታት የጠበቀው በአመዛኙ አንድ ሰው ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ ረዳት ከሁለት ዓመት በላይ አብሮ ሠርቶ ከታመነ በኋላ፣ ባዕድ ሰው ኮምፒዩተሩን ሊያዝ የሚችልበትን ስውር ቀዳዳ አስገባበት። ቀዳዳው እስከ ዴቢያን የሙከራ እትም ደርሶ ነበር። የተገኘውም አንድረስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከርቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን በመመርመሩ ነው።

እንግዲህ ጀማሪው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሠራ ይጠቀማል።

1ኛ. ዘወትር የሚገለገልበትን ፕሮግራም ይምረጥ።

2ኛ. በጥቅሉ ላይ የተመዘገቡትን ጉድለቶች አንብቦ፣ አንዱን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ይሞክር። ያደረገውን፣ የሆነውንና የእትሙን ቁጥር ጽፎ ይላክ።

3ኛ. አነስተኛ እርማት አዘጋጅቶ ሊንቲያን በተባለው መመርመሪያ ይፈትሸው።

4ኛ. ጀማሪ ጥቅሉን በቀጥታ ማስገባት ስለማይፈቀድለት፣ ነባር አባል መርምሮ እንዲያስገባለት ይጠይቅ። ሥራው ለእርማት ቢመለስበት ቅር አይሰኝ፤ ከላይ እንዳየነው ምርመራው ተጠቃሚውን ለመጠበቅ ነው።

ፕሮግራም መጻፍ የማይችሉ መምህራንና ተማሪዎችም የጥቅሎችን መግለጫ ወደ ቋንቋቸው በመተርጐም ሊረዱ ይችላሉ። በክፍል ውስጥ ለመጀመር ግን ከሁሉ የሚቀለው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ተማሪዎች አንድን ጉድለት በየተራ ሞክረው ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል።