የልጆቹን ሰዓት ለሳንታ ክላውስ አትስጡት

ሰሞኑን «ለሕፃናት ክፍል መምህራን» እየተባለ በየቴሌግራሙ የሚዘዋወር የገና ማስተማሪያ ጽሑፍ አለ። ከግማሽ በላይ የሚያወራው ስለ ሳንታ ክላውስ ነው፤ ቤተልሔም የምትነሳው መጨረሻ ላይ፣ ለይስሙላ። ለልጆቹ ከማንበባችሁ በፊት እስቲ ይህን ተመልከቱልኝ።

1ኛ. «ሳንታን የፈጠረው ኮካ ኮላ ነው» የሚለው ሐሰት ነው። ኩባንያው ሃደን ሰንድብሎም የተባለውን ሠዓሊ ለማስታወቂያ ያሠራው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ቶማስ ናስት ግን ያንን ጢማም ሽማግሌ በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ መጽሔት ላይ ሥሎት ነበር። የታሪኩ ሥር ደግሞ የሜራው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። ጳጳስን በማስታወቂያ ስም ስትረግሙ ትንሽ እፈሩ።

2ኛ. «የእነሱ ዲሴምበር 25 የጣዖት ቀን ነው፣ የእኛ ታኅሣሥ 29 ግን እውነተኛው ነው» የሚለው ከመጀመሪያው ይብሳል። ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው። የድሮው የጁልየስ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 የእኛው ታኅሣሥ 29 ነው (በዘመነ ዮሐንስ 28)። ሮም እ.ኤ.አ. በ1582 አቆጣጠሯን ስላስተካከለች ብቻ ዛሬ በ13 ቀን ተራራቅን። ልጁን ዛሬ በዚህ ካስተማራችሁት ነገ አድጎ ሲያሰላው የሚጠራጠረው ሳንታን አይደለም፤ እናንተን ነው፤ ከእናንተም አልፎ ያስተማራችሁትን ሁሉ።

3ኛ. ሥርዓተ ትምህርቱ እኮ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል! ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ስብከት፣ ከ14 ጀምሮ ብርሃን፣ ከ21 ጀምሮ ኖላዊ። አባቶች ሦስቱን ሳምንታት የደረደሩት ለማኅሌቱ ብቻ አይደለም። በስብከት ነቢያት ይመጣል ያሉትን ትነግሩታላችሁ፤ ሚክያስ ቤተልሔምን በስም እንደጠራት። በብርሃን መምጣቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ትነግሩታላችሁ፤ ኢሳይያስ በጨለማ የተቀመጠ ሕዝብ ያለው ማንን እንደሆነ። በኖላዊ ዮሐንስ 10ን ይዛችሁ እረኛው ራሱ እንደመጣ ታሳዩታላችሁ፤ የምሥራቹን ቀድመው የሰሙት የሌሊት እረኞች መሆናቸውም በዚያ ላይ ይገጥማል። በእኛ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ግን ታኅሣሥ የመዝሙር ጥናት ወር ነው። የትምህርቱ ሰዓት ለዋዜማው መርሐ ግብር ይበላል፤ ልጆቹ እጅ ማወዛወዙን አጥንተው የሚዘምሩት ምን እንደሆነ ሳያውቁ መድረክ ይወጣሉ። ሰበካ ጉባኤው ለሞንታርቦ ብር አያጣም፤ ለሕፃናት ባለ ሥዕል መጽሐፍ ሲጠየቅ ግን «በጀት የለም» ነው መልሱ። ከዚያ ልጆቻችንን ሳንታ ወሰደብን ብለን እናለቅሳለን። ባዶ ያገኘውን ቦታ ነው የያዘው።

መዋዕለ ሕፃናቱማ አይነሳ። በረዶ በማያውቅ ከተማ ዛፉ ላይ ጥጥ በትነው፣ ቀይ ኮፍያ ግዙ ብለው ለወላጅ ደብዳቤ ይልካሉ። ሲጠየቁ «የሁሉም እምነት ልጆች ስላሉን ነው» ይላሉ። ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ነው፤ እስማማለሁ። እንግዲያው በዓሉን ለቤትና ለቤተ ክርስቲያን ይተዉት። ክርስቶስን አውጥቶ ስሙን ማስቀረት ገለልተኝነት አይደለም። ኮፍያውን ግን ልጁ ቢያደርግ አትጩኹበት፣ ኃጢአቱ እዚያ አይደለም።

«ሕፃን ምሥጢረ ሥጋዌ አይገባውም» የሚሉኝ አሉ። ትርጓሜውን ማን ስጡት አለ? ሉቃስ 2 ላይ ያለው ሁሉ ለአምስት ዓመት ልጅ ይገባል፦ ማደሪያ አጡ፣ ሕፃኑ በግርግም ተኛ። የከተማ ልጅ ግርግም አያውቅም፤ ስለዚህ አሳዩት፤ ካርቶን ቁረጡ፣ ገለባ ጨምሩበት፣ ላም የምትበላበት ነው በሉት። ንጉሥ ለምን እዚያ ተኛ ብሎ የሚጠይቃችሁ እሱ ራሱ ነው፤ ያኔ «ወደ እኛ ሊደርስ ብሎ» ስትሉት ይይዛታል።

ሌሎች ደግሞ ሄሮድስን ዝለሉት፣ ያስፈራል ይላሉ። በቴሌቪዥን ምን እንደሚያይ ረስተውት ነው። ግድያውን ባትዘረዝሩ ይሻላል፤ የግብፁን ስደት ግን አትዝለሉ፤ ሌሊት ሕፃን ታቅፎ መሸሽን ዛሬም በአገራችን በዓይናቸው ያዩ ልጆች ክፍላችሁ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ጌታም እንደነሱ ተሰዷል። እና ስለ ሰብአ ሰገል፦ ማቴዎስ ሦስት ስጦታ ዘረዘረ እንጂ የሰዎቹን ቁጥር አልጻፈም፤ የገቡትም «ቤት» ነው። ድራማውን የምታዘጋጁ፣ ምዕራፍ 2ን ገልጣችሁ ሳታነቡ ልብስ አታሰፉ።