የመጀመሪያ ስፌታችሁ ጉርድ ቀሚስ ይሁን

ቤት ውስጥ ስፌት መማር የምትፈልጉ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ «የትኛውን መኪና ልግዛ?» እያላችሁ ነው። መኪናው ይቆይ። የድሮዋ በእግር የምትረገጥ ሲንጀርም ቀጥ አድርጋ ከሰፋች ለጀማሪ ትበቃለች።

በሸሚዝ አትጀምሩ፤ ኮሌታና እጅጌ ሞራል ይሰብራሉ። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጉርድ ስፉ። ዳሌያችሁ 100 ሳንቲሜትር ከሆነ አንድ ተኩል እጥፉ 150 ነው። ስለዚህ ወርዱ 150 የሆነ ጨርቅ ከገዛችሁ የምትገጥሙት አንድ ጎን ብቻ ነው። ቁመቱ 70 እንዲሆን ለላስቲኩ ማስገቢያ 4፣ ለታች እጥፋት 3 ጨምራችሁ 77 ላይ ቁረጡ። ላስቲኩ 2.5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ ርዝመቱን ከወገባችሁ ልክ 5 ያህል ቀንሱለት።

ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ ታጥቦ ይተኮስ። አለዚያ ከተሰፋ በኋላ ያጥርባችኋል።

ከጨርቁ ሥር ክሩ ከተተበተበ ሁሉም ሰው የታችኛውን ክር ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የላይኛው ነው። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ወደ ላይ አንሡና ክሩን እንደ አዲስ አስገቡ። እግሩ ወርዶ ሳለ ከገባ ማጥበቂያው ክሩን በደንብ አይዘውም። መርፌም ይደነዝዛል፤ ለመካከለኛ ጥጥ 80 ወይም 90 ቁጥር ይዛችሁ ቀይሩ።

(«ደንበኛ አታባርር» ለምትሉኝ፦ ሱፍ ልብስ አሁንም እኛው ጋ ነው የሚሰፋው።)

ጨርቅ ስትገዙ ወርዱን መጠየቅ አትርሱ። 110 ከሆነ ሁለት ቁራጭ ያስፈልጋችኋል።