ካርቱን፦ በስላቅ ትርጉሙ የተገለበጠ ቃል

ካርቱንና ካርቶን የአንድ ቃል ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሚመዘዙት ካርቶኔ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ፍቺውም ወፍራም ወረቀት ማለት ነው። የድሮ ሠዓልያን ግድግዳ ላይ ከመሳላቸው በፊት ንድፉን በሙሉ መጠኑ የሚያወጡት በዚህ ወረቀት ላይ ስለነበር ንድፉም በወረቀቱ ስም ተጠራ። እስከ 1843 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በእንግሊዝኛ ካርቱን ማለት ይኸው ነበር፤ ከቀልድ ጋር ዝምድና አልነበረውም።

በ1834 የለንደን ፓርላማ ሕንፃ ተቃጠለ። ለአዲሱ ሕንፃ ግድግዳዎች የሚሆኑ ሥዕሎችን ለመምረጥ ውድድር ተከፈተና፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤት ልዑል አልበርት የሚመሩት ኮሚሽን በ1843 የቀረቡትን ካርቱኖች በዌስትሚንስተር አዳራሽ ለሕዝብ አሳየ። በከተማዋ ግን ድህነት በርትቶ ነበር። በ1841 የተመሠረተው ፓንች የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት እሱም የራሱን ካርቱኖች እንደሚያቀርብ አስታወቀ። የመጀመሪያውን የሣለው ጆን ሊች ነው፤ «አካልና ጥላ» ይባላል። ቡቱቶ የለበሱ፣ የተራቡና አካል ጉዳተኛ የሆኑ ድሆች በኤግዚቢሽን አዳራሽ ቆመው፣ የደላቸውን ሰዎች ሥዕል ያያሉ። እንጀራ ለጠየቀ ሥዕል ተሰጠው ማለት ነው።

በሥዕሉ ላይ ስድብ የለም። ስድብ ጥፋቱን በስሙ ይጠራል፤ ሽሙጥ ጎነጥ አድርጎ ያልፋል። ስላቅ ግን የባለሥልጣኑን ቃል ተውሶ፣ ባለሥልጣኑ እንዲታይ ከማይፈልገው ነገር አጠገብ ያቆመዋል። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው መንገዱ እንግዳ አይደለም፤ ካርቱን እዚህ ላይ እንደ ኅብረ ቃል ይሠራል፤ ሰሙ የግድግዳው ንድፍ፣ ወርቁ የተራበው ሰው ነው። ልዩነቱ፣ ባለቅኔ ወርቁን ደብቆ ለራሱ ማምለጫ ያበጃል፤ ፓንች ግን ወርቁን ፊት ለፊት አውጥቶ በሦስት ፔንስ ሸጠው።

ስላቅ ሰሙ ከተረሳ ይሞታል፤ ውድድሩን የማያውቅ የዛሬ ተመልካች በሊች ሥዕል ውስጥ የሚያየው ድሆችን ብቻ ነው። ካርቱን በሚለው ቃል ላይ የደረሰው ግን ከዚህም ያልፋል። ፓንች ስያሜውን ለዋና የፖለቲካ ሥዕሎቹ መጠቀሙን ሲቀጥል፣ በአንባቢ ዘንድ አዲሱ ፍቺ አሮጌውን ዋጠው። ኋላም ወደ ጋዜጦች፣ ቀጥሎም ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ፊልሞች ተሻገረ። ፓንች በ1992 ተዘጋ፤ በ1996 እንደገና ቢከፈትም በ2002 ኅትመቱ ቆመ። የግድግዳ ንድፍ የሚለውን የቃሉን ፍቺ ዛሬ የሚያስታውሱት በአብዛኛው የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች ናቸው።