የልብ መድኃኒት እንዴት ይጠናል?

ሆስፒታል ተኝታችሁ ሳለ ሐኪሙ «በመድኃኒት ጥናት ትሳተፋላችሁ?» ቢላችሁ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃችኋል።

ወደ ልብ ደም የሚወስደው ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ የልብ ሥጋ መሞት ይጀምራል። አስፕሪን ደሙ እንዳይረጋ ይረዳል። ታዲያ በእርግጥ ነፍስ ያድናል ወይ? ይህን ለማወቅ በ16 አገሮች በሚገኙ 417 ሆስፒታሎች 17,187 የልብ ሕመምተኞች ተጠኑ። ለግማሾቹ አስፕሪን፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ለአንድ ወር ተሰጠ። ለማን የትኛው እንደሚደርስ የተወሰነው በዕጣ ነው፤ በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቁም ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ታወቀ። በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት፣ አስፕሪን ካልተሰጣቸው ከ100 ሰዎች 12 ያህሉ፣ ከተሰጣቸው ግን 9 ያህሉ ነበሩ።

በእስራኤል እንዲህ ያለ የመድኃኒት ጥናት የሄልሲንኪ ኮሚቴ ሳይፈቅድ አይጀመርም። እናንተም ፈቃዳችሁን በፊርማ ትሰጣላችሁ። በምትረዱት ቋንቋ እንዲነገራችሁ ጠይቁ፤ ሳይገባችሁ አትፈርሙ። እምቢ ብትሉ የተለመደው ሕክምና አይቀርባችሁም፤ ከጀመራችሁ በኋላም ማቆም ትችላላችሁ።

አንድ አደራ አለን፦ ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ሲመጣ «ይተወኛል» ብላችሁ አትጠብቁ። ቶሎ በ101 ደውላችሁ ማጌን ዳቪድ አዶምን ጥሩ። አስፕሪን ለሁሉም ሰው አይስማማምና ሐኪም ሳትጠይቁ አትውሰዱ።