«አንድ ሰው የቀረው!»፦ እስከ 12 የሚቆጥር ሰርኪዩት

ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ በሚጭንበት ሰዓት ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጣራ ያልሰማ የአዲስ አበባ ነዋሪ አይገኝም። ረዳቱ የገባውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ያስታውሳል፤ 12 ሰው ሲሞላ በሩን ዘግቶ ለሚቀጥለው ጉዞ ከዜሮ ይጀምራል። ቢሳሳት የአንድ ሰው ሒሳብ ይጎድልበታል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ዲጂታል ቆጣሪ እንዴት እንደሚነደፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በትክክል መቁጠሩ እንዴት እንደሚፈተሽ እንመለከታለን።

የቆጣሪ መሠረቱ ፍሊፕ-ፍሎፕ ነው። አንድ ፍሊፕ-ፍሎፕ 0 ወይም 1ን ብቻ ያስታውሳል። አራቱን በተከታታይ ስናገናኝ 1፣ 2፣ 4 እና 8 የሚል ዋጋ ስለሚይዙ ከ0 እስከ 15 መቁጠር ይቻላል። በሁለት እያካፈሉ የመቁጠር ዘዴ ለፊዚክስ ባለውለታ ነው፤ በሜካኒካል ቆጣሪ ሊደረስባቸው ያልቻሉትን ፈጣን ቅንጣቶች ለመቁጠር በካምብሪጅ ካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊን-ዊሊያምስ እንዲህ ያለውን ሰርኪዩት በ1932 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል።

ዛሬ አራቱም ፍሊፕ-ፍሎፖች 74ኤችሲ93 በተባለ አንድ አይሲ ውስጥ ይገኛሉ። ኃይሉን 5 ቮልት ከሚሰጥ የሞባይል ቻርጀር ማግኘት ይቻላል። ጀማሪ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፦ የዚህ አይሲ ፖዘቲቭ እግር 5፣ ኔጋቲቩ እግር 10 እንጂ እንደ ብዙዎቹ 14 እና 7 አይደለም። በሁለቱ መካከል የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር እናስገባለን። እግር 12ን ከእግር 1 ጋር ስናገናኝ አራቱ ፍሊፕ-ፍሎፖች ይቀጣጠላሉ። የ1፣ የ2፣ የ4 እና የ8 ውጤቶች በቅደም ተከተል በእግር 12፣ 9፣ 8 እና 11 ይወጣሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ የ1 ኪሎኦም ሬዚስተርና ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. እናደርጋለን፤ የሚያልፈው ጅረት 3 ሚሊአምፔር ያህል ነው።

በ12 ላይ ወደ ዜሮ የሚመልሰው ምንድን ነው? 12 ማለት 8 ሲደመር 4 ነው፤ ስንቆጥር ሁለቱ መብራቶች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚበሩትም በ12 ላይ ነው። የአይሲው እግር 2 እና 3 ሁለቱም 1 ሲሆኑ ብቻ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሱታል። ስለዚህ እግር 8ን ከ2፣ እግር 11ን ከ3 ጋር ማገናኘት ይበቃል።

ገርጂ በሚገኘው ቤታችን ይህንን ሠርተን፣ እግር 14ን በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ከ5 ቮልት ጋር አያይዘን፣ ወደ ኔጋቲቭ የሚያገናኝ መጫኛ ቁልፍ ገጠምንለት። አንድ ጊዜ ስንጫን ሦስት ቆጠረ። አይሲው ተበላሽቷል ብለን ለወጥነው፤ አልተሻሻለም። ጥፋቱ የቁልፉ ነበር። የቁልፍ ብረቶች ሲገናኙ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ይነጥራሉ፤ ቆጣሪው ደግሞ ቮልቴጁ በወደቀ ቁጥር አንድ ይጨምራል። መፍትሔው የ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከቁልፉ ጎን ለጎን ማያያዝ፣ ምልክቱንም በ74ኤችሲ14 ሽሚት ትሪገር አሳልፎ ወደ እግር 14 መላክ ነው። የ10 ኪሎኦምና የ1 ማይክሮፋራድ ብዜት 10 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ንጥረቱ ይዋጣል። ሽሚት ትሪገሩ ምልክቱን ስለሚገለብጥ ቁጥሩ የሚጨምረው ጣታችንን ስናነሣ ነው። ያልተጠቀምንባቸውን የ74ኤችሲ14 መግቢያዎች ከኔጋቲቭ ጋር እናገናኛለን።

አሁን ፈተናው ይጀምራል። ቆጣሪው ሲበራ ከዜሮ ላይጀምር ስለሚችል አራቱም መብራቶች እስኪጠፉ እንጫናለን። ከዚያ በወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አዘጋጅተን በእያንዳንዱ ጭነት የበሩትን እንመዘግባለን፤ በ5 ላይ 4 እና 1፣ በ11 ላይ 8፣ 2 እና 1፣ በ12 ላይ ምንም። ቀጥሎም 120 ጊዜ እንጫናለን። መጨረሻው ዜሮ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ 12 ትርፍ የቆጠረ ሰርኪዩትም ዜሮ ያሳያልና። ስለዚህ በየመሃሉ እያቆምን ከሠንጠረዡ ጋር እናመሳክራለን። እኛ ይህንን ስንሠራ በ70ኛው ላይ መብራት ሄዶ ቆጠራው ሁሉ ጠፋ፤ የፍሊፕ-ፍሎፕ ትውስታ ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ እንደሚቆይ በዚያው ተማርን።

የተሳሳተ ቆጣሪ አይጨስም፣ አይሞቅም፤ መብራቶቹም እንደ ትክክለኛው ያምራሉ። የሚለየው በትዕግሥት በተሞላ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ወረዳና ፋብሪካ፣ ሆስፒታልና ቤተ ሙከራ በቁጥር ላይ ተመሥርተው ይወስናሉ። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሰርኪዩቱን ከመሥራታቸው በፊት ሠንጠረዡን እንዲያዘጋጁ እንመክራለን።