ስለ እኅትዋ ወደ ሎንዶን የኼደች ልጅ

ዋልተር ስኮት የሚባል የስኮትላንድ ደራሲ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1818 ዓ.ም. አንድ ልብ ወለድ የታሪክ መጽሐፍ አሳተመ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። በመጽሐፉ ውስጥ ጄኒ ዲንስ የምትባል የባላገር ልጅ አለች። ላም ታልባለች፥ አይብ ትሠራለች፥ አባትዋን ትረዳለች። በዚያ ዘመን ለድኻ ልጃገረድ የተፈቀደው ይኸው ነበረ፤ ብቻዋን አገር ማቋረጥና በንግሥት ፊት መናገር ግን ከቶ አይታሰብም ነበር።

ታናሽ እኅትዋ ኤፊ ሕፃንዋን ገድላለች ተብላ ተከሰሰች። በ1690 ዓ.ም. የወጣው የስኮትላንድ ሕግ ጨካኝ ነበረ። አንዲት ሴት መፅነስዋን ሸሽጋ፥ ሕፃኑም ቢሞት ወይም ቢጠፋ፥ ስትገድል ያያት ባይኖርም እንደ ነፍሰ ገዳይ ትቈጠር ነበር። ፈራጆቹም ኹሉ ወንዶች ነበሩ። ነገር ግን ለአንድ ሰው እንኳ ነግራ እንደ ኾነ ትድናለች። ስለዚህ ጄኒን «ለእኔ ነግራኛለች ብለሽ መስክሪ» እያሉ ለመኑአት። የተፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበረ። ጄኒ ግን በእግዚአብሔር ስም ምላ ሐሰት መናገር አልቻለችም፤ በኤፊም ላይ ሞት ተፈረደ።

ጄኒ እኅትዋን አልወደደቻትም የሚል ሰው ቢኖር የቀረውን ያንብብ። ከኤዲንበርግ እስከ ሎንዶን ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ እርስዋ ጥቂት ገንዘብ ይዛ ተነሣች፥ አብዛኛውንም በእግርዋ ኼደች። በአገርዋ በባዶ እግር መኼድ ነውር አልነበረም፤ በእንግሊዝ ግን ሰዎች ስለ ሣቁባት ጫማዋን አደረገች። በመንገድ ወንበዴዎች ያዙአት፤ አመለጠች። ሎንዶን በደረሰች ጊዜ የአርጋይል መስፍን በአትክልት ቦታ ወደ አንዲት እመቤት አቀረባት። ጄኒም በአገርዋ አነጋገር ስለ እኅትዋ ነፍስ ለመነች። እመቤቲቱ ንግሥት ካሮላይን እንደ ኾነች የነገራት አልነበረም፤ መስፍኑ ባርኔጣውን ሳያደርግ መቆሙን አይታ ጠረጠረች እንጂ። ኤፊም ለ14 ዓመት ከስኮትላንድ እንድትወጣ ታዝዞ ከሞት ዳነች።

ይህ ታሪክ ከባዶ አልተፈጠረም። ሔለን ዎከር የምትባል ድኻ ስኮትላንዳዊት፥ በ1738 ዓ.ም. ሞት ለተፈረደባት እኅትዋ በሐሰት አልመሰክርም ብላ፥ በእግርዋ ሎንዶን ወርዳ ምሕረት አምጥታለች። በ1791 ዓ.ም. ስትሞት በመቃብርዋ ላይ ስምዋን የሚናገር ድንጋይ አልቆመም ነበር፤ በ1831 ዓ.ም. ዋልተር ስኮት አስቆመላት።