አምፖሉ ለስንት ደላላ ይበቃል?

በአምፖል ብርሃን መረጃ የሚያስተላልፈው ቴክኖሎጂ፣ በወቅቱ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሐራልድ ሐስ እ.ኤ.አ. በ2011 ‹‹ላይፋይ›› ሲሉ ሰየሙት። በ2023 ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጥቶለታል። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ማርቆስ ላይ ጤፍ ለሚነግድ ሰው ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ያለ አንድ አምፖል ስንት ደላላ ያስተናግዳል?

አምፖሉ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ያስተላልፋል እንበል። አሥር ሰው እኩል ሲጋራው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 10 ብቻ ነው። ድርሻውን ለማሳደግ አምፖሎችን ማብዛት፣ ወይም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን የየራሳቸውን መረጃ እንዲሸከሙ ማድረግ ይቻላል። የተቀራረቡ አምፖሎች እርስ በርስ ስለሚረባበሹ ግን አንድ የጋራ መቆጣጠሪያ ያሻቸዋል።

ብርሃን ግድግዳ አያልፍም፤ ለየመጋዘኑ የራሱ አምፖል ግድ ነው። ወደ አምፖሉ የሚመጣው የኢንተርኔት መስመር ደካማ ከሆነ ደግሞ ወጪው ሁሉ ከንቱ ነው። ገዢው ከአምፖሉ በፊት መስመሩን ይመዝን።